ተልባና ሙቀጫ

ሌዮካዲ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች፣
ያበጠውን መዝጊያ በትከሻ ገፋች፤
"ዝናቡ እስኪያባራ መዝገቡን አንብበው"
አለችና ሄደች። ምድር ቤቱ ብርድ ነው።
ጸሐፊ ናት እሷ፣ የማዘጋጃ ቤት፣
ለስምንት መቶ ነፍስ፣ ለአንዲት ጠባብ ወንዝ፣ ለተዘጋ ስኳር ቤት።

መዝገቡ ወፍራም ነው፣ ልባሱ የበግ ቆዳ፣
ጠርዙን እሳት ላሰው፣ ሆዱን ውሃ ጎዳ።
የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ ተልባ።
ከዚያ በታች ቁጥር፦ ስንት ነዶ ገባ፣
ስንቱን በረዶ መታው ገና ሳለ በአበባ።

እኔ የማውቀው ተልባ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣
በጾም የሚጠጣ፣ በውሃ ተበጥብጦ።
የቫንድሬኩር ሌላ፤ ፍሬው ትርፍ ነገር፣
አገዳው ነው ሀብቱ፣ ወንዝ ውስጥ ከርሞ፣ ተቀጥቅጦ፣ የሚሆነው ክር።
ሰኔ ሲገባማ፣ ሲፈካ፣ ሲፈነዳ፣
ከላይ ሰማይ፣ ከታች ሰማይ፤ የት ገባ ሜዳ?
እስከ እኩለ ቀን ነው፤ ከዚያ ይረግፋል፣
ይህም በመዝገቡ በጥንቃቄ ሰፍሯል።

የእንግሊዝ ጦር አልፏል፣ የስፔንም በዚህ፤
ጸሐፊው ኦዲሎን ያሰፈረው እንዲህ፦
"ማክሰኞ ደረሱ። ሁለት በሬ፣ አርባ ዶሮ፣ የሸማኔው ፍሎሪስ ሴት ልጅ።
ረቡዕ ሄዱ። የበሬዎቹን ዋጋ ከፍለዋል።"
ስለ ልጅቷ ግን መስመሩ ክፍት ነው፤
አንድ ጠብታ ቀለም፣ ደርቆ የቀረ ነው።

ደወላቸው ሴት ናት፣ ኦጉስቲን የምትባል፣
መዝገቡ ሲቆጥር ሦስቴ ሞታለች ይላል፦
አንዴ ለአብዮቱ መድፍ ትሁን ተባለች፣
አንዴ ከነግንቧ በእሳት ወደቀች፣
አንዴ ጀርመን ጫናት፤ በባቡር ሄደች።
(ሌዮካዲ ከደረጃው፦ "አራተኛዋ አለች!
ትንሽ ዘግየት ብላ ነው እንጂ፣ ትደውላለች።")

ከዚህ በኋላ ገጹ ግማሹ ተቃጥሏል፤
"ነሐሴ ማለዳ..." ይልና ያቆማል።
አራት ዓመት ነጭ ነው። አራት ዓመት ሙሉ
ብዕር ያነሳ የለም። ሰዎቹ የት ዋሉ?
ቀጥሎ ሌላ እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ፦ የቆመ ቤት፣ ዜሮ።
የቆመ ዛፍ፣ የለም። የተረፈ ከኑሮ፣
አንድ የብረት ድስት፣ አንድ ያበደ አውራ ዶሮ።

ባገሬ ተረት አለ፦ ተልባ ቢንጫጫ
በአንድ ሙቀጫ።
ስሰማው ያስቀኝ ነበር። ተልባው ምን ምርጫ
አለው ብዬ አልጠየቅሁም፤ ዘነዘናውን የጨበጠው
እጅ የማን እንደሆነ፣ ሲደክመው የት እንደሚያርፍ፣
ማን ውሃ እንደሚያቀርብለት።

ከዚያ ነጭ ሥር ዘሩ፣ ስኳር የሚወጣው፤
ፋብሪካ ተከሉ፣ ጭሱ አገር ያወጣው፤
ከፖላንድ ሰው መጣ፤ ስሙን ጸሐፊው ሦስት ዓይነት አድርጎ ጻፈው።
አሁን ጭሱም የለም። በሩ በሰንሰለት፣
እርግብ ይወልዳል ውስጡ፣ በየጋኑ አናት።
ተልባው ተመልሷል፤ ክሩ ግን እዚህ አይፈተልም፣
በመርከብ ቻይና ይሄዳል። ይህን የጻፈችው ሌዮካዲ ናት፤
ሥሩ ላይ በእርሳስ፦ "አይገርምም?"

ጸደይም በመጣ፣ ማረሻው ሲቆፍር፣
የመቶ ዓመት ጥይት ብቅ ይላል ካፈር።
ቫለሪ ገበሬው አይደነግጥም፣ አይሮጥ፤
አቅፎ ያወጣዋል፣ እንደ ታመመ በግ፣
የመብራት እንጨት ሥር፣ መንገድ ዳር ያስቀምጥ፣
ሠራዊት በመኪና እስኪመጣ ሊወስደው።
ይህም አምድ አለው፦ ቀን፣ ክብደት፣ ያገኘው ሰው።

ዝናቡ አባራ። ሌዮካዲ ወርዳ
መዝገቡን ሳበችው፤ አዲስ ገጽ ገልጣ
እስክሪብቶዋን ሞከረች፣ እንዲህም አለች፦
"ማክሰኞ። ዝናብ። አንድ እንግዳ መጣ። ምንም አልወሰደም።"

የፍሎሪስን ልጅ ስም ልጠይቃት ስል፣
ከላይ ኦጉስቲን፣ አራት ደቂቃ ዘግይታ፣
እኩለ ቀን አለች።
ወጣሁ። ሜዳው ላይ
ሰማዩ መርገፍ ጀምሯል።